ቦጃንግልስ ያስተከለው መብራት

በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት፣ ከአሌክሳንድሪያ እስከ ሪችመንድ፣ መንገዱ ካልተጨናነቀ፣ ሁለት ሰዓት አይፈጅም። ቅዳሜ ጠዋት የስድስት ዓመት ልጄን ይዤ በኢንተርስቴት 95 ወደ ደቡብ ነዳሁ። ጃክሰን ዋርድ በሚባለው ታሪካዊ የጥቁሮች ሰፈር ያለውን የቢል ሮቢንሰንን ሐውልት ላሳያት ነው።

ቢል፣ «ቦጃንግልስ» የሚሉት የታፕ (በጫማ ድምፅ እያሰሙ የሚጨፈር ጭፈራ) ዳንሰኛ፣ የዚህ ከተማ ልጅ ነው። በ1878 እ.ኤ.አ. ተወለደ። ወላጆቹን በልጅነቱ አጥቶ አያቱ ናቸው ያሳደጉት። ገና በልጅነቱ መጠጥ ቤት ደጅ እየጨፈረ ሳንቲም ይለቅም ነበር።

ሐውልቱ የአሉሚኒየም ነው፤ በ1973 ቆመ። ቢል ደረጃ እየወረደ ይጨፍራል። ልጄ ቀና ብላ አየችውና «አባዬ፣ ለምን ደረጃ ላይ?» አለች። ስልኬን አውጥቼ በ1935 ፊልም ላይ ከሕፃኗ ተዋናይ ከሸርሊ ቴምፕል ጋር የሠራውን የደረጃ ጭፈራ ከፈትኩላት። የእንጨት ሶል ባለው ጫማ፣ በእግሩ ጣቶች፣ ቀለል አድርጎ ይረግጣል። እያንዳንዱ ደረጃ የራሱ ድምፅ አለው። እኛ በትከሻችን የምንናገረውን እሱ በእግሩ ነው የሚናገረው። ልጄም አስፋልቱን ረገጠች። «የኔ ጫማ አይጮህም» ብላ አኮረፈች።

ሸርሊም ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። ፊልሙ በአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች ሲታይ እጅ ለእጅ የተያያዙበት ቦታ ተቆርጦ ወጥቷል። ጥቁር ሰው የነጭ ልጅ እጅ መያዙ ነውር ተብሎ! ይህን ለልጄ አልነገርኳትም። አንጀቴ እምቢ አለ።

ሐውልቱ እዚህ የቆመው በምክንያት ነው። በ1933 ቢል እዚሁ መንገድ ላይ ልጆች በመኪና መሃል ሲሻገሩ አየ። ከኪሱ ከፍሎ የትራፊክ መብራት አስተከለላቸው። ያን ሁሉ ገንዘብ ያገኘ ሰው በ1949 ሲሞት ባዶ እጁን ነበር። ለሰው ሲሰጥም፣ ቁማር ሲጫወትም እጁ አይሰስትም ነበር።

ከሞተ በኋላ፣ በ1950ዎቹ፣ አውራ ጎዳና ሰፈሩን ለሁለት ሰንጥቆ አለፈ። ስንት ቤት ፈረሰ። ያ ጎዳና ጠዋት እየነዳሁ የመጣሁበት ነው። ሳስበው ከበደኝ።

መንገዱን ስንሻገር ልጄ ሳልጠይቃት እጄን ያዘች። መኪና ውስጥ ገብተን «የደረጃውን ድገምልኝ» አለችኝ። ከዚያ እስከ አሌክሳንድሪያ ድረስ የወንበሬን ጀርባ በእግሯ ስትመታ ነበር። ሌላ ጊዜ እቆጣ ነበር። ዛሬ ሬዲዮኑን ዘጋሁላት።