የድሬዳዋው የምድር ባቡር ወርክሾፕ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ድሬዳዋ በሚገኘው የቀድሞው የምድር ባቡር የጥገና ወርክሾፕ ውስጥ ስዘዋወር ቆየሁ። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መነሻነት ከጅቡቲ የተዘረጋው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ፣ ተራራውን ወጥቶ ሐረር መግባቱ እጅግ አስቸጋሪና ብዙ ወጪ የሚጠይቅ በመሆኑ መስመሩ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተደረገ፤ ድሬዳዋም የተቆረቆረችው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ባቡሩ የከተማዋ መነሻ እንጂ ተቀጥላ አይደለም ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ከሁሉም ይልቅ ቀልቤን የሳበው አንድ አሮጌ ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን) ነው። ገላው ላይ የፈረንሳይኛ ጽሑፍ ይነበባል፤ ቀለሙ ቢለቅም እጀታው በሠራተኞች መዳፍ ብዛት ተወልውሎ ያብለጨልጫል። ያስጎበኙኝ ጡረተኛ ባለሙያ ቆም ብለው፣ «ልጄ፣ የሚሰበረውን ሁሉ ከውጭ እስኪመጣ ብንጠብቅ ኖሮ ባቡሩ ይቆም ነበር፤ የምንችለውን እዚሁ እንቀርጽ ነበር» አሉኝ። (ፈረንሳይኛቸው ዛሬም እንደተሳለ ነው።)

በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የራሱ ሰፊ ሐዲድና ከመሀል ከተማ የራቀ ጣቢያ አለው፤ 1 ሜትር ስፋት ባለው ሐዲድ ላይ ይሄድ የነበረው አሮጌው ባቡር ግን ከዋናው አገልግሎት ውጭ ሆኗል። ማሽኖቹን በሙዚየም መልክ ማቆየት መልካም ቢሆንም፣ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ በእነዚህ አረጋውያን እጅ ያለው ሙያ ነው፤ የከተማዋ የቴክኒክ ተማሪዎች ዛሬ ነገ ሳይባል አጠገባቸው ተቀምጠው ሊማሩት ይገባል።