ቆዳው ገጠመ ማለት ጅማቱ ዳነ ማለት አይደለም

የሻይ ብርጭቆ ሲታጠብ እጅ ከነስፖንጁ ወደ ውስጥ ይገባል። ብርጭቆው ቀድሞ ስንጥቅ ካለው በዚያው ይሰበርና ስባሪው ጣት ሥር፣ በመዳፍ በኩል ይሰካል። ቁስሉ ብዙ ጊዜ ሁለት ሳንቲሜትር እንኳ አይሞላም። ደሙ ይፈሳል፣ በጨርቅ ይታሰራል፣ ይቆማል። ከዚያ ጣቱን ሞክረው ሲያዩት ይታጠፋል። «ተመስገን፣ ጅማቱን አላገኘውም» ይባልና ነገሩ እዚያው ይዘጋል። ዛሬ መጻፍ የፈለግኩት ስለዚያች «ተመስገን» ነው፤ ብዙ ጣት የሚበላሸው በዚያች ደቂቃ ነውና።

ከአውራ ጣት በቀር እያንዳንዱ ጣት የሚታጠፈው በሁለት ጅማት ነው። አንደኛው ላይ ላዩን ሄዶ የጣቱ መካከለኛ አጥንት ላይ ያበቃል። ሁለተኛው፣ ጥልቁ፣ ከሥሩ ይመጣል፤ ላዩኛው ለሁለት ተሰንጥቆ በሚለቅለት ክፍተት አልፎ እስከ ጫፉ አጥንት ይደርሳል። እንግዲህ ጥልቁ ተበጥሶ ላዩኛው ከተረፈ ጣቱ በመሃል አንጓው ይታጠፋል፤ የማይታጠፈው ጫፉ ብቻ ነው። ላዩኛው ተበጥሶ ጥልቁ ከተረፈ ደግሞ ጣቱ እስከ ጫፉ ይታጠፋል፣ ጉድለቱም በዓይን አይያዝም። ከሁሉም የሚያሰጋኝ ግማሹ የተቆረጠ ጅማት ነው። ዛሬ ይሠራል፤ በሳምንቱ ባልዲ ሲነሳበት ይበጠሳል።

መፈተሹ ከባድ አይደለም። ደሙ ከቆመ በኋላ እጁን በጀርባው ጠረጴዛ ላይ አሳርፎ ማላላት ነው። ጤነኛ እጅ ሲያርፍ ጣቶቹ በራሳቸው እጥፍ ይላሉ፤ እጥፋቱም ከሌባ ጣት ወደ ትንሿ ጣት እየጨመረ ይሄዳል። ከመሃላቸው አንዱ ብቻውን ቀጥ ብሎ ከተኛ ሌላ ማስረጃ ሳያስፈልግ ጅማቱ ተቆርጧል ብሎ መነሣት ይሻላል። «እጠፍ፣ ዘርጋ» ሲባል ለማይታዘዝ ሕፃንም ይህ ምልክት ይሠራል። ቀጥሎ የመሃል አንጓውን በሌላኛው እጅ ቀጥ አድርጎ ይዞ ጫፉን ብቻ ማጠፍ፤ ይህ የጥልቁ ፈተና ነው። ከዚያ ሌሎቹን ሦስት ጣቶች ዘርግቶ ይዞ የተጎዳውን ማጠፍ። የጥልቆቹ ጅማቶች ጡንቻ እርስ በርሱ የተያያዘ ስለሆነ ሦስቱ ሲያዙ አብዛኛውን ጊዜ አራተኛውም ይያዛል፤ ጣቱን በመሃል አንጓ የሚያጥፈው ላዩኛው ብቻ ይሆናል። ትንሿ ጣት ግን በብዙ ጤነኛ ሰዎችም ይህን ለብቻዋ ስለማትችል ከሌላኛው እጅ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ሁሉም ቀስ ብሎ፣ ምንም ነገር ሳይገፉና ሳይጎትቱ ነው። በኃይል መሞከር በግማሽ የቀረውን ሊጨርሰው ይችላል።

ከማደንዘዣ መርፌ በፊት ሌላም የሚታይ አለ። የጣቱን ጫፍ በግራም በቀኝም ጎን በጥጥ ጫፍ ነክቶ ማወዳደር። በእያንዳንዱ ጎን አንድ ነርቭና አንድ የደም ስር አብረው ይሄዳሉ። በመዳፍ በኩል ሲታይ ነርቩ ይቀድማል፣ የደም ስሩ ከኋላው ነው። ስለዚህ በዚያ በኩል ተቆርጦ ደሙ እየረጨ የወጣ ጣት ነርቩም አብሮ ሳይቆረጥ አልቀረም። መርፌው ከተወጋ በኋላ ጣቱ በሙሉ ስለሚደነዝዝ ይህን ማወቅ አይቻልም፣ ተጎጂውም የሚያውቀው ከሳምንታት በኋላ ይሆናል።

አንድ ነገር ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ብርጭቆ ወይም ቢላ የጨበጠ ጣት ሲቆረጥ ታጥፎ ነው የሚቆረጠው። ሲታጠፍ ጅማቱ ወደ መዳፍ ተስቦ ነበር። እጁ አልጋ ላይ ተዘርግቶ ጣቱ ሲቃና ግን ጅማቱ ወደ ጫፍ ይመለሳል፣ የተቆረጠው ቦታም አብሮት ይሄዳል፤ አንዳንዴ ከቁስሉ አፍ ከአንድ ሳንቲሜትር በላይ ይርቃል። ቁስሉን ከፍቶ የሚያይ ሰው ጅማቱ በከፊል የተቆረጠ ከሆነ ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ እንከን የሌለው ጅማት ያያል። ሙሉ በሙሉ ከተበጠሰ ደግሞ በላይ በኩል ያለው ጫፍ እንደ ላስቲክ ወደ መዳፍ ሸሽቶ ጅማቱ ይሄድበት የነበረው ባዶ ቱቦ ነው የሚታየው። ለዚህ ነው ቁስል ውስጥ የሚመለከት ባለሙያ ጣቱን ከታጠፈበት እስከ ተዘረጋበት እያንቀሳቀሰ ማየት ያለበት። ተጎጂው «ስቆረጥ ጨብጬ ነበር» ብሎ ቢናገር ትልቅ እገዛ ነው።

ቤት ውስጥ የሚደረገው ትንሽ ነው። ንጹሕ ጨርቅ አድርጎ፣ እየገለጡ ሳያዩ፣ 10 ደቂቃ ሙሉ መጫን፤ እጁን ከልብ በላይ ማንሳት፤ ጣቱ ሳያብጥ ቀለበት ማውለቅ፤ ከዚያ በሚፈስ ንጹሕ ውኃ ደህና አድርጎ ማጠብ። የተፈጨ ቡና መነስነስ በየቤቱ ያለ ልማድ ነው። ደሙን ያቆመ ይመስላል፤ ግን ዱቄቱ ጅማቱ በሚንሸራተትበት ቱቦ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፣ ቁስሉን የሚያጥበውን ሰውም ያደክማል። ጣቱን በክር ወይም በላስቲክ ማነቅም መቅረት አለበት፤ ተረስቶ ከቆየ ጣቱን የሚያሳጣው ማነቂያው ይሆናል። በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ስባሪ ቀርቶ እንደሆነና አጥንቱ እንዳልተነካ ለማየት ኤክስሬይ ይነሣል፤ መስታወት አብዛኛውን ጊዜ በኤክስሬይ ይታያል። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ለቆሸሸ ቁስል ከመጨረሻው 5 ዓመት፣ ለንጹሕ ቁስል 10 ዓመት ካለፈው ይደገማል። «ይሰፋልኝ» ከማለት ደግሞ «ጅማቱና ነርቩ ይታይልኝ» ማለት ይሻላል፤ የተሰፋ ቆዳ ሁሉንም ነገር ይሸፍናልና።

ጅማቱ ተቆርጧል ከተባለ የዚያኑ ሌሊት መሰፋት የግድ አይደለም። ቁስሉ በደንብ ታጥቦ፣ ቆዳው ተሰፍቶ፣ እጁ በመደገፊያ ታስሮ ጥቂት ቀን መጠበቅ ይቻላል፤ ሥራውን በማያውቅ እጅ ዛሬ ከመሰፋት በሚያውቅ እጅ ከሦስት ቀን በኋላ መሰፋት ይበልጣል። የመጀመሪያውን ሳምንት ግን ማሳለፍ አይገባም። ሦስት ሳምንት ካለፈ ጡንቻው ያጥራል፣ ባዶው ቱቦ ይጣበቃል፣ ሁለቱን ጫፎች ማገናኘት አስቸጋሪ ይሆናል። ያኔ ከሌላ ቦታ ጅማት መተካት ይመጣል፤ አንዳንዴም መጀመሪያ የሲሊኮን ዘንግ አስገብቶ፣ በዙሪያው ቱቦ እስኪሠራ ሦስት ወር ያህል ጠብቆ፣ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ይደረጋል። የብርጭቆዋ ቁስል የአንድ ዓመት ሥራ ትሆናለች።

ከመዳፉ የላይኛው መስመር እስከ መካከለኛው አጥንት ግማሽ ያለውን ክፍል አሜሪካዊው የእጅ ሐኪም ስተርሊንግ ባኔል «የማንም ያልሆነ ምድር» ብሎት ነበር። ሁለቱ ጅማቶች በአንድ ጠባብ ቱቦ ውስጥ ተደራርበው ስለሚሄዱ እዚያ ቦታ የተሰፋ ጅማት ሁሉ እየተጣበቀ አስቸግሯል፤ ስለዚህ አይሰፋም፣ ኋላ በምትክ ጅማት ይሠራል ይባል ነበር። በ1967 እ.ኤ.አ. የእጅ ሐኪሙ ሃሮልድ ክላይነርትና በአሜሪካዋ ሉዊቪል ከተማ ያሉ ባልደረቦቹ ወዲያው ተሰፍቶ ቶሎ ከተንቀሳቀሰ ጥሩ ውጤት እንደሚገኝ ይዘው ቀረቡ። የዛሬው ሥራ ሁሉ የቆመው «ቶሎ ከተንቀሳቀሰ» በምትለዋ ላይ ነው።

ከስፌት በኋላ ያለው ሥራ በሁለት አደጋ መሃል መሄድ ነው። ካልተንቀሳቀሰ ከቱቦው ጋር ይጣበቃል፤ ከመጠን በላይ ከተንቀሳቀሰ ይበጠሳል። ስለዚህ በእጅ ጀርባ በኩል መደገፊያ ይሠራል፤ የጣት ሥር አንጓዎች ከ30 እስከ 60 ዲግሪ ታጥፈው፣ የላይኞቹ ሁለት አንጓዎች ግን ቀጥ ማለት እንዲችሉ ሆኖ። ልምምዱ ብዙውን ጊዜ ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ይጀመራል። ከዚያ በፊት እብጠቱና ደሙ ጅማቱን ያከብዱታል፤ ከዚያ በኋላ መጣበቁ ይቀድማል። ፊዚዮቴራፒስቱ የሚሰጠው ትእዛዝ ከሞላ ጎደል እንዲህ ነው፦ ነቅተው ባሉበት ጊዜ በየሰዓቱ፣ መደገፊያው ሳይወልቅ፣ በሌላው እጅ ጣቶቹን 10 ጊዜ ማጠፍ፤ ከዚያ በራስ ኃይል መደገፊያውን እስኪነኩ መዘርጋት፤ ከዚያ ያለ ጉልበት እስከ ግማሽ ጡጫ ማጠፍ። እብጠት ባለበት ጊዜ ሙሉ ጡጫ አይሞከርም። የመሃል አንጓው ሙሉ በሙሉ መዘርጋቱን ግን በየቀኑ መከታተል ያስፈልጋል፤ ቆልመም ብሎ የቀረ አንጓ ኋላ ለማቅናት ወራት ይፈጃል።

የሚያሳዝነኝ ሦስተኛው ሳምንት ነው። የቆዳው ክር ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ወጥቷል፣ ሕመሙ ቀርቷል፣ ጣቱ የዳነ ይመስላል። ጅማቱን የያዘው ግን አሁንም ክሩና ገና ለጋ የሆነ ጠባሳ ነው። በዚያ ሳምንት መደገፊያውን አውልቆ ሕፃን ያነሣ፣ በር የጎተተ፣ እየወደቀ ግድግዳ የያዘ ሰው ጣቱ ውስጥ «ጧ» የሚል ነገር ይሰማዋል፤ አንዳንዱ ምንም ሳይሰማው ማታ ጫፉ አልታጠፍ ይለዋል። ያኔ «ነገ ይሻለኛል» አይሠራም፤ በማግስቱ ለሰፋው ሐኪም መታየት ነው፣ ቶሎ ከተደረሰ እንደገና ሊሰፋ ይችላልና። ለወጌሻ መስጠትም በዚህ ጉዳት አይሆንም። ለወለምታ የሚደረገው ማሸትና መሳብ የተሰፋ ጅማትን የሚበጥስ ዓይነት ጉልበት ነው።

ምግብም ቢሆን ያስባል። እንጀራ ሲቆረስ ሌባ ጣትና አውራ ጣት ቆንጥጠው ይጎትታሉ፤ ቀላል ቢመስልም ለአዲስ ስፌት ከባድ ነው። በተጎዳው እጅ 6 ሳምንት እስኪሞላ አለመቁረስ፤ ማንኪያ በሌላው እጅ መያዝ ወይም ያለ ይሉኝታ ጉርሻ መቀበል ይሻላል። ከ6ኛው ሳምንት በኋላ መደገፊያው ቀስ በቀስ ይወልቃል፣ ሲኒና ማንኪያ ይያዛል። ከ8ኛው በኋላ ለስላሳ ስፖንጅ መጨበጥ ይጀመራል። ልብስ መጭመቅ፣ ሊጥ ማቡካት፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማንሳት ከ12ኛው ሳምንት በፊት የለም። ጠባሳውን ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ በኋላ በቫዝሊን፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ አምስት አምስት ደቂቃ ጫን አድርጎ ማሸት ቆዳውን ከጅማቱ ያላቅቃል።

በጣት ጀርባ በኩል ያለው ጅማት ሕጉ ሌላ ነው። ጫፉን የሚዘረጋው ተቆርጦ ጫፉ ከወደቀ፣ ጫፉ ብቻ ቀጥ ብሎ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሌት ተቀን ይታሰራል። ለመታጠብ ሲፈታ እንኳ ጫፉን ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ ነው። አንድ ጊዜ ከታጠፈ ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል።

ጣቱ ሙሉ ለሙሉ እንደ ቋሊማ ካበጠ፣ እጥፍ ብሎ ከቀረ፣ በመዳፍ በኩል በጅማቱ መስመር ሁሉ ሲነካ ካመመ፣ ቀስ ብለው ሲያቃኑት ከፍተኛ ሕመም ካለ፣ መግል በጅማቱ ቱቦ ገብቷል ማለት ነው። የቺካጎው ሐኪም አለን ካናቬል ከመቶ ዓመት በፊት የለያቸው እነዚህ አራት ምልክቶች ዛሬም ይሠራሉ። ለዚህ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው።

ነርቩ ተቆርጦ ከተሰፋ ደግሞ በቀን አንድ ሚሊሜትር ያህል ነው የሚያድገው፤ ከጣት ሥር እስከ ጫፍ ወራት ይወስዳል። እስከዚያ ጣቱ ትኩስን አያውቅም፤ ጀበናን በዚያ ጣት መንካት፣ ምጣድ ላይ ማስደገፍ ሳያሳውቅ ያቃጥላል። ብርድም ከሌሎቹ ጣቶች ይበልጥ ያስቸግረዋል። ስሜቱ መመለስ ሲጀምር ዓይን ጨፍኖ በጣት ጫፍ እየለዩ ማሠልጠን ይረዳል፤ መጀመሪያ የቡና ፍሬና ባቄላ፣ ቀጥሎ ክክና ምስር፣ መጨረሻ ላይ ጤፍና አሸዋ።