ከጣርማ በር በታች የፈነዳው የመሪ ቱቦ

መሪውን የሚያቀልለው ዘይት የሚያልፍበት ቱቦ የፈነዳው ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር በሚያወጣው ጠመዝማዛ ላይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ከሸዋ ሮቢት ስድስት ጆንያ ሽንኩርት ጭነን፣ እናቴን ከጎኔ አስቀምጬ ወደ አዲስ አበባ እየተመለስኩ ነበር። ጠባብ መታጠፊያ ላይ መሪውን እስከ ጥግ ስጠመዝዘው ከኮፋኖው ሥር ደረቅ ያለ የፍንዳታ ድምፅ ተሰማ። በዚያው ቅጽበት መሪው እጄ ላይ እንደ ድንጋይ ከበደ። «ልጄ፣ ይጨሳል! አቁም!» አለች እናቴ። ጭሱ በፊት መስታወቱ ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣ ነበር።

ሞተሩን አጠፋሁ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፣ እናቴን አስወረድኩና ከኋላ ጎማዎች ሥር ድንጋይ አስገባሁ። ኮፋኖውን ግን ወዲያው አልከፈትኩም። ከፈነዳው ቱቦ የሚረጨው ዘይት ተቀጣጣይ ነው፤ የተረጨው ደግሞ ጭስ ከሞተሩ በሚወጣበት የጋለ ብረት ላይ ነበር። ጭሱ እስኪቀንስ ጠብቄ፣ በአንድ እጄ አፈር የሞላሁበትን ባልዲ ይዤ ቀስ ብዬ ከፈትኩ። እሳት አልነበረም። ቀይ ዘይት ግን የሞተሩን ግማሽ ጎን አልብሶታል።

መኪናው የአባቴ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1992 የተሠራ፣ 2.8 ሊትር የናፍጣ ሞተር ያለው ቶዮታ ሃይሉክስ። ቱቦው ከመኪናው ጋር የመጣው የመጀመሪያው ቱቦ ነበር። ሠላሳ ዓመት በላይ የሞተር ሙቀት፣ አቧራና ውርጭ የቻለ ጎማ ከዚህ በላይ እንዲያገለግል መጠበቅ አይገባም ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ምክንያቱም ቱቦው ቀድሞ ተናግሯል። ከሦስት ወር በፊት ጀምሮ ጎማው ወደ ብረቱ በሚገባበት አንገት ላይ አቧራ ከዘይት ጋር ተቦክቶ ጥቁር ጭቃ ሠርቶ ነበር። በየሁለት ሳምንቱ ማጠራቀሚያው ውስጥ ትንሽ ዘይት እጨምር ነበር። ጠዋት ጠዋት መሪውን ሳዞር ፓምፑ ያቃስት ነበር። እኔ ጭቃውን በጨርቅ ጠርጌ፣ ዘይቱን ሞልቼ እሄድ ነበር።

ለምን መታጠፊያው ላይ እንደፈነዳ ለመረዳት አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል። ሞተሩ በቺንጋ፣ ማለትም በጎማ ቀበቶ፣ የሚያዞረው ፓምፕ ዘይቱን ይገፋል፤ ዘይቱ በወፍራሙ ቱቦ ወደ መሪው ጥርስ ሳጥን ይሄዳል፣ ሥራውን ጨርሶ በሌላ ለስላሳ ቱቦ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል። ቀጥ ብሎ ሲነዳ በወፍራሙ ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት ጥቂት ነው። መሪው ጥግ ደርሶ ሲገታ ግን እንደ መኪናው ዓይነት ከ70 እስከ 100 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ይደርሳል። የቤት መኪና ጎማ የሚነፋው ሁለት ባር ተኩል አካባቢ ነው። እንግዲህ ያ አንድ ክንድ የማይሞላ ቱቦ የጎማን ሠላሳ እጥፍ ግፊት ተሸክሞ ነው የሚኖረው። መሪን ጥግ ላይ ይዞ መቆየት የማይመከረውም ለዚህ ነው።

ከኋላችን የመጣ የጭነት መኪና ቆመልን። ረዳቱ ወርዶ ከመንገዱ ዳር ቅጠል ቆርጦ ከመታጠፊያው በታች አነጠፈ፤ እኔ በድንጋጤ ይህን ረስቼው ነበር። ከዚያ የአሮጌ ካላማዳሪያ ቁራጭ አምጥቶ በተሰነጠቀው ላይ እየወጠረ ጠቀለለው፣ በሽቦም አሰረው። እኔም የቀረኝን ዘይት ጨመርኩ። ሞተሩን አስነስቼ መሪውን ግማሽ ዙር እንኳ ሳላዞር ዘይቱ በላስቲኩ ሥር ተረጨ። ደግነቱን ዛሬም አመሰግናለሁ፤ ግን ይህን ያህል ግፊት በላስቲክና በሽቦ አይታሰርም። የተሰነጠቀውን ቆርጦ የነዳጅ ቱቦ በማሰሪያ መቀጠልም ያው ነው።

የሚበጀውን የነገሩኝ ሾፌሩ ናቸው፤ ጠና ያሉ ሰው ነበሩ። «የፓምፑን ቺንጋ ፍታው ልጄ። መሪው ይከብድሃል እንጂ አይከዳህም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በእንዲህ ዓይነቱ መኪና መሪው ከጎማዎቹ ጋር በብረት የተያያዘ ነው፤ ዘይቱ የሚያግዝ ብቻ ነው። ቺንጋውን የምንፈታው ፓምፑ ያለ ዘይት ደርቆ እንዳይዞር ነው። ደርቆ የዞረ ፓምፕ ውስጡ ይፋጫል፣ የተፋጨው ብረትም ወደ ጥርስ ሳጥኑ ይሄዳል። በእኔ መኪና የፓምፑ ቺንጋ ለብቻው ስለሆነ ይህ ቀላል ነበር። አንድ ቺንጋ ሁሉንም በሚያዞርበት መኪና ግን ቺንጋውን መፍታት የሞተሩን ውሃ ፓምፕና ዲናሞውንም ማቆም ነው፤ እዚያ መኪናውን ማስጎተት ይሻላል።

ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ወዳለው የጣርማ በር ዋሻ እንዴት እንደወጣሁ ትከሻዬ ያስታውሳል። መኪናው ትንሽም ቢሆን ሳይንቀሳቀስ መሪውን ለማዞር አለመሞከርን የተማርኩት እዚያ ነው፤ ጎማው ሲንከባለል ክብደቱ በብዙ ይቀላል። ደብረ ብርሃን አደርን፤ በማግስቱም 130 ኪሎ ሜትሩን ቀስ ብዬ ነድቼ አዲስ አበባ ገባሁ።

ቱቦውን በግቢያችን ውስጥ ራሴ ፈታሁት። በፓምፑ በኩል ዘይት በመሃሉ የሚያልፍበት ባለ ቀዳዳ ቡሎን አለ፤ በላይና በታቹ ሁለት የመዳብ ሮንዴላ (ጠፍጣፋ ቀለበት) አለው። እነዚህ ሮንዴላዎች ሲጠብቁ ተጨፍልቀው ስለሚያሽጉ ሁለተኛ ጊዜ አይታመንባቸውም፤ አዲስ ገዛሁ። በጥርስ ሳጥኑ በኩል ያለው ዳዶ ዕድሜ ልኩን ያልተፈታ ነው። በተራ መፍቻ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ማዕዘኑ መበላት ሲጀምር አቆምኩ። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ረጭቼ አሳደርኩና ጠዋት በቧንቧው ላይ ለማስገባት አንድ ጎኑ ክፍት በሆነ የቀለበት መፍቻ ፈታሁት። ይህ መፍቻ ዳዶውን ከአምስት ጎኑ ይይዛል። ጎረቤቴ ጋር ባላገኘው ኖሮ ዳዶውን አበላሽቼ የጥርስ ሳጥኑን አስወርድ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ትልቁን ስህተት የሠራሁት።

ቱቦውን ይዤ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ለዚህ ሞዴል አዲስ ቱቦ አላገኘሁም። ከተፈታታ መኪና የወጣ ግን ነበር፤ ውጪው ተወልውሎ ያብረቀርቃል። ሻጩ ዋጋውን ቢቀንስልኝም አልወሰድኩትም። ከእኔ ቱቦ ጋር እኩል ያረጀ ጎማ ነው፤ አጠፍ ሳደርገው አንገቱ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ታየኝ። ከአሮጌ መኪና ብረት እገዛለሁ፤ ጎማ ግን ከዚያ ወዲህ ገዝቼ አላውቅም።

ስለዚህ የሃይድሮሊክ ቱቦ ወደሚሠራበት ቤት ሄድኩ። የድሮዎቹን ሁለት የብረት ጫፎች ቆርጠው፣ አዲስ የቱቦ መያዣ በናስ በይደውባቸው፣ በመሃል አዲስ ቱቦ አስገብተው በማሽን ይጨምቃሉ። ሠራተኛው ሁለት ድርብ የብረት ሽቦ ያለውን ቱቦ ሊያደርግልኝ ፈለገ፤ የበለጠ ጠንካራ ነው በማለት። እውነት ነው፤ ባለ 3/8 ኢንች ስፋቱ ባለ ሁለት ድርብ ቱቦ እስከ 330 ባር ይሠራል። ነገር ግን ባለ አንድ ድርቡም 180 ባር ይችላል፤ ለመሪ ከበቂ በላይ ነው። ልዩነቱ ባለ ሁለት ድርቡ ግትር መሆኑ ነው። ሞተሩ በጎማ መቀመጫዎቹ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ሻንሲው፣ መኪናው የተሠራበት የብረት አካል፣ ግን አይንቀሳቀስም፤ በሁለቱ መካከል ያለው ቱቦ መታጠፍ መቻል አለበት። ግትር ቱቦ መንቀጥቀጡን ሁሉ ለጫፎቹ ያሸክማቸዋል። ባለ አንድ ድርቡን መረጥኩ። ከጥንካሬው ይልቅ የሚያስጨንቀው ሙቀቱ ነው። ተራው የሃይድሮሊክ ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ የሚችለው እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ለመሪ ተብሎ የሚሠራው ከዚያ በላይ ይችላል። ሙቀት የሚችለውን ጠይቄ አስገባሁ።

ይህን ሁሉ አስቤ ዋናውን ረሳሁ። በፓምፑ በኩል ያለው ጫፍ የቀለበት ዓይን ነው፤ በጥርስ ሳጥኑ በኩል ያለው ደግሞ የታጠፈ ቧንቧ ነው። ሁለቱ የሚተያዩበት ማዕዘን አለ። ከመቆረጡ በፊት ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው በቀለም አንድ ቀጥተኛ መስመር ማስመር ይበቃኝ ነበር። አላሰመርኩም፤ ሠራተኛውም አልጠየቀኝም። ቤት ወስጄ በፓምፑ በኩል ሳስገባው ሌላኛው ጫፍ ሩብ ዙር ያህል ዞሮ ወደ ሰማይ አየ። ቱቦውን በጉልበት ጠምዝዤ አሰርኩት። ሞተሩን አስነስቼ መሪውን ሳዞር የተጠመዘዘው ቱቦ በግፊቱ ሊፈታ እየታገለ ከሻንሲው ጠርዝ ጋር ሲፋተግ በዓይኔ አየሁት። አልፈሰሰም። አንድ ወር፣ ምናልባትም ሁለት ወር ይሄድ ነበር። ግን ያ የጣርማ በር መታጠፊያና የእናቴ ፊት ከዓይኔ አልጠፋ አለ። እንደገና ፈታሁት።

አሮጌው ቱቦ ስለተቆረጠ የመጀመሪያውን ማዕዘን ከየት ላምጣ? አንድ ጠንካራ ሽቦ ወሰድኩ። አንደኛውን ጫፉን በፓምፑ ቡሎን ዙሪያ አጠፍኩ፣ ከዚያ ቱቦው ሊያልፍ በሚገባው መንገድ፣ ከጋለው ብረት አርቄ፣ ከሻንሲው ሁለት ጣት ያህል ለይቼ እስከ ጥርስ ሳጥኑ ወሰድኩትና የቧንቧውን አቅጣጫ ይዤ ጨረስኩት። ሽቦውን ይዤ ወደ ሱቁ ስመለስ ሠራተኛው አንድ ጊዜ አይቶ ገባው። ቱቦውን ከጫፉ ጋር የሚይዘው የተጨመቀ የብረት ቀለበት ዳግመኛ ስለማይሠራ ለቱቦው ሁለተኛ ጊዜ ከፈልኩ። በዚህኛው ጊዜ ሽቦውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን፣ ጫፎቹን እሱ ላይ አስተኝተን፣ በነጭ ቀለም አስምረን ነው ያስጨመቅነው። ብየዳው በቧንቧው ውስጥ የተወውን ቅርፊት በሽቦ ፈቅፍቆ በአየር ነፋልኝ፤ ያ ቅርፊት ወደ መሪው ሳጥን ቢገባ ጥርሱን የሚያሽገውን ጎማ ይበላው ነበር። በእጅ ፓምፕ ግፊት ሰጥቶም በፊቴ ፈተሸው።

መግጠሙ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። የመመለሻውንም ቱቦ አብሬ ለወጥኩ፤ ዕድሜው እኩል ነው፣ ዋጋውም ትንሽ ነው። ማጠራቀሚያውን ሳጥበው በታቹ ያለው ቀጭን ወንፊት በጥቁር የጎማ ብናኝ ተደፍኖ አገኘሁት። የጠዋቱ ማቃሰት ምክንያት አንዱ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ዘይቱ ለአውቶማቲክ ካምቢዮ የሚሆነው ቀዩ፣ ዴክስሮን የሚባለው ነው። የፍሬን ዘይት በምንም ምክንያት እዚህ አይገባም፤ ማሸጊያ ጎማዎቹን አሳብጦ ያበላሻቸዋል። አየሩን ለማስወጣት የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንስቼ በብረት መደገፊያ ላይ አሳረፍኩ። ሞተሩን ሳላስነሳ መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ ቀስ ብዬ ሃያ ጊዜ ያህል አዞርኩ፤ ታናሽ ወንድሜ ማጠራቀሚያው እንዳይጎድል እያየ ይጨምር ነበር። በየዙሩ አረፋ ይወጣል። አረፋው ሲያልቅ ቺንጋውን መልሼ ሞተሩን አስነሳሁ። ዘይቱ ወተት እንደተቀላቀለበት ከነጣ አየር አለ ማለት ነው፤ የእኔ ነጥቶ ስለነበር አጥፍቼ ግማሽ ሰዓት አሳረፍኩትና ደገምኩ። በሦስተኛው ዙር ጠርቶ ቀይ ሆነ። መሪው ጥግ ሲደርስ አሁን ትንሽ የማጉረምረም ድምፅ አለው፤ የፋብሪካው ቱቦ ትንሽ እየተነፋ የፓምፑን ምት ስለሚያበርድ ነው፣ የሃይድሮሊኩ ቱቦ ያን ያህል አይነፋም። ለምጄዋለሁ።

ማታ አባቴ መጥቶ መኪናው ላይ ወጣ። በግቢው ውስጥ ቆሞ መሪውን በአንድ እጁ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አዞረው፤ ምንም አልተናገረም፣ ግን ሲወርድ ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ።

ሌሊቱን ከመኪናው ሥር ካርቶን አንጥፌ አሳደርኩ። ጠዋት ካርቶኑ ደረቅ ነበር። ለማውጣት ጎንበስ ስል ግን ዓይኔ ከፊት ጎማው ጀርባ ባለው የፍሬን ቱቦ ላይ አረፈ። እሱም እ.ኤ.አ. የ1992 ነው፤ አጠፍ ሳደርገው ያው ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አለው። መኪናውን አላስነሳሁትም። የአራቱንም ቱቦ መጠን ወስጄ ወደ መርካቶ በታክሲ ሄድኩ።