ስልኬ ላይ ያሉት ባልና ሚስት ሽማግሌዎች

ደብረ ብርሃን ነው ያደኩት፣ ጌም ማለት ለኔ ፕሌይስቴሽን ቤት ሄዶ እየከፈሉ ኳስ መጫወት ነበር። ታሪክ ያለው ጌም ስለ ህይወት ያሳስባል ሲሉኝ አላምንም ነበር፣ አሁን ግን ከልቤ አምናለሁ፣ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ዲስ ዋር ኦፍ ማይን የሚባል ጌም ስልኬ ላይ ጫንኩ። ፖላንዶች ናቸው የሰሩት፣ በ2014 እ.ኤ.አ ነው የወጣው፣ መነሻቸው ደግሞ ከ1992 እስከ 1996 በጦርነት ተከባ የቆየችው የቦስኒያዋ ከተማ ሳራየቮ ናት። ወታደር አይደለህም፣ ጦርነት መሀል የቀሩ ተራ ሰዎችን ነው የምትይዘው፣ ቀን ፍርስራሽ ቤት ውስጥ ምድጃ ትሰራለህ ታበስላለህ፣ ሲመሽ አንዱ ወጥቶ ምግብና መድሃኒት ፈልጎ ይመጣል። ከያዝኳቸው ሰዎች ብሩኖ የሚባለው ታመመብኝ፣ ሌላኛውን ፓቭሌን ላኩትና ባልና ሚስት ሽማግሌዎች ያሉበት ቤት ገባ። መሳሪያ የላቸውም፣ ሰውየው ከኋላ እየተከተሉ አትውሰድብን ብለው ይለምናሉ፣ እኔ ጠራርጌ ወሰድኩ። ብሩኖ ተረፈ፣ ፓቭሌ ግን በነጋታው በሰራው ስራ ተሰብሮ ዋለ፣ እኔም ስልኩን ዘግቼ ብርዱ ላይ ወጥቼ ቆምኩ።

በሳምንቱ መንዝ አያቴ ጋ ስሄድ ነገርኳት፣ ጌም ምን እንደሆነ አስረድቼ ማለት ነው። ዝም ብላ ሰማችኝና ስለ 77ቱ ረሃብ አወራችኝ፣ ከዛ በፊት አንድም ቀን አንስታው አታውቅም። ያቺን ያለቻቸውን ገብስ መቁላት ትተው ይቀቅሏት ነበር፣ ለምን ስላት «የቆሎ ሽታ ጎረቤት ይጠራላ ልጄ» አለችኝ። ከዛ ደግሞ «ሽማግሌዎቹስ ምን ሆኑ?» ብላ ጠየቀችኝ። ተመልሼ አላየኋቸውም ነበር።

ከዛ ወዲህ አጨዋወቴን ቀየርኩ። በቀን የጌሙን አንድ ሌሊት ብቻ ነው የምጫወተው ምክንያቱም ስሮጥ ሰዎቹ እቃ ይሆኑብኛል፣ የተሳሳትኩትንም ወጥቼ ገብቼ አልደግመውም፣ ይሄ ከሁሉም የጠቀመኝ ነው፣ መመለስ ከቻልክ ምንም አይከብድህም። እንግሊዝኛው ሲያቅተኝ ዲክሽነሪ ከፍቼ አነባለሁ እንጂ አልዘልም። ያደረኩትን ከነምክንያቱ ደብተር ላይ እፅፋለሁ።

ሁለተኛውን ዙር ስጫወት እዛው ቤት ደረስኩ፣ መድሃኒቱ እዛው ነው፣ ምንም ሳልነካ ወጣሁ። የኔ ሰዎች ተራቡ፣ ብሩኖም አልተረፈም። ደብተሬ ላይ የዛን ቀን «ለምን?» ካልኩት ስር እስካሁን ምንም አልፃፍኩም፣ የፊታችን ፋሲካ መንዝ ስሄድ ደብተሩን ይዤ ነው የምሄደው።