ቁም ሳጥን ፈላጊው ምን ብሎ ይጽፋል?

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አጠገብ ለሚገኘው የወንድሜ የእንጨት ሥራ ቤት ድረ ገጽ ሳዘጋጅ፣ ቁልፍ ቃላቱን፣ ማለትም ሰዎች ጉግል ላይ ሲፈልጉ የሚጽፏቸውን ሐረጎች፣ መሰብሰብ የጀመርኩት ከእሱ ስልክ ነው። ደንበኞች ደውለው ወይም በቴሌግራም ጽፈው የሚጠይቁትን እንዳለ መዘገብኩ፦ «የኪችን ካቢኔት ዋጋ በካሬ»፣ «ለባለ አንድ መኝታ የሚሆን ቁም ሳጥን»፣ «ኤምዲኤፍ ይሻላል ወይስ ቺፑድ» (ሁለቱም ለቤት ዕቃ የሚያገለግሉ የተጨመቀ እንጨት ሰሌዳዎች ናቸው)። ወንድሜ በበኩሉ «ዘመናዊ የቤት ዕቃዎች» እንዲባልለት ይፈልግ ነበር፤ እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ደንበኛ ግን በመዝገቤ ውስጥ አልተገኘም።

ቀጥሎ ሐረጎቹን በጠያቂው ዓላማ ለየኋቸው። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ አንድሬ ብሮደር እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው ጽሑፍ የፍለጋ ጥያቄዎችን መረጃ የሚሹ፣ የታወቀ ድረ ገጽ የሚሹ እና አንድ ጉዳይ ለመፈጸም የሚሹ ብሎ በሦስት መድቧቸዋል። ኤምዲኤፍንና ቺፑድን የሚያነጻጽር ሰው ገና እያሰበ ነውና እርጥበት የትኛውን ቶሎ እንደሚያበላሽ የሚያስረዳ ጽሑፍ ይበቃዋል፤ ዋጋ በካሬ የሚጠይቀው ግን ቁልፉን ተረክቦ ባዶ ቤት ውስጥ የቆመ ሰው ስለሆነ ዋጋ፣ ፎቶግራፍና ስልክ ቁጥር በአንድ ገጽ ላይ ማግኘት አለበት። ሁለቱን በአንድ ገጽ ማጨቅ ለማንኛቸውም አይጠቅምም።

በአማርኛ ሲሆን የአጻጻፉ ብዛት ሥራውን ያከብደዋል። አንዱ «ቁም ሳጥን»፣ ሌላው «ቁምሣጥን»፣ ሦስተኛው በላቲን ፊደል ይጽፋል፤ «የ» እና «በ»ም ከቃሉ ጋር ይጣበቃሉ። እኔ በጽሑፉ ውስጥ አንድ ወጥ አጻጻፍ ጠብቄ፣ የላቲኑን በገጹ አድራሻ ላይ አዋልኩት። ሁሉንም ዓይነት መደርደር አንባቢን ከማሰልቸቱም በላይ ጉግል እንደ አይፈለጌ ይዘት የሚቆጥረው ቃላትን የማጨናነቅ ልማድ ነው። ከገጹ ጀርባ በሚቀመጠው የቁልፍ ቃላት መለያ ላይም ጊዜ አላጠፋሁም፤ ጉግል ለደረጃ አሰጣጥ እንደማይጠቀምበት በመስከረም 2009 እ.ኤ.አ. በይፋ አስታውቋል፣ ምንም እንኳ ዛሬም ይህን ሞልተው ገንዘብ የሚቀበሉ ባለሙያዎች ባይጠፉም።

ገጹ ከወጣ በኋላ አስተማሪዬ ጉግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች ያዘጋጀው ሰርች ኮንሶል የተባለ መሣሪያ ሆነ። ሰዎች ጽፈውት ገጻችን የታየበትን ሐረግ፣ የተጫኑትን ብዛትና አማካይ ደረጃውን እስከ 16 ወር ወደ ኋላ ያሳያል፤ እጅግ ጥቂት ሰዎች የጻፉትን ግን ለግላዊነት ሲባል ይደብቃል። ብዙ ታይቶ ጥቂት የተጫነው የካቢኔት ገጽ ስለነበር፣ በርዕሱ ላይ «ዋጋ በካሬ» እና «ኮዬ ፈጬ» የሚሉትን አስገባሁ።

ወንድሜ ለቱሉ ዲምቱና ለገላንም ስሙን ብቻ የቀየረ ተመሳሳይ ገጽ እንድሠራ ጠይቆኝ ነበር። እንዲህ ያሉ፣ ፈላጊን ለመሳብ ብቻ የሚባዙ «መግቢያ ገጾች» የሚባሉትን የጉግል ደንብ ስለሚከለክል፣ የሰፈሮቹን ስም የማድረሻ ዋጋ በሚገልጸው አንቀጽ ውስጥ ጽፌ አለፍኩ።