ለምኑ ነው ጎበዝ?

ልጄ አራት ዓመት ሳይሞላው ከሁለት ዴይኬር (የሕፃናት መዋያ) ተባሯል። ይነክሳል፣ ወንበር ይወረውራል፣ አንዴ ከጀመረ አርባ ደቂቃ ይጮሃል። ኡበር እየነዳሁ ስልኬ ሲጠራ "መጥተህ ውሰደው" ሊሉኝ እንደሆነ ቁጥሩን ሳላይ አውቅ ነበር።

ሁለት ዓመት ደበቅነው። ባለቤቴ "ሐኪም ካወቀ ልጁን ይወስዱብናል" ትላለች። እኔ "ወንድ ልጅ አይደል፣ ሲያድግ ይተዋል" እላለሁ። እናቴ ከቢቸና ትደውልና "ቡዳ ነው ልጄ፣ ለዲማ ጊዮርጊስ ተስያለሁ" ትለኛለች። በርበሬ እጠነው ያለኝም አለ። እኔም በልጅነቴ ታጥኛለሁ፤ ያተረፍሁት ሳል ነው።

እስካሁን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1986 እ.ኤ.አ. የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ፤ ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ እድገቱ ካሳሰበህ በነጻ ይመረመርልሃል። ከሦስት በኋላ ጉዳዩ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ይዞራል። ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

በመጨረሻ የልጁ ሐኪም ፒሲአይቲ (የወላጅና የልጅ መስተጋብር ሕክምና) ወደሚባል ሕክምና ላከችን። ሺላ አይበርግ የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የጀመሩት ነው፤ ከሁለት እስከ ሰባት ዓመት ላሉ ልጆች። ልጁን አስረክቤ ውጭ ቡና የምጠጣ መስሎኝ ነበር። ለካ ታካሚው እኔ ነኝ! ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰክተው ከልጄ ጋር ምንጣፍ ላይ አስቀመጡኝ፤ ባለሙያዋ ከመስተዋት ጀርባ ሆና እያየችን በጆሮዬ ትነግረኛለች። አታዝዘው። አትጠይቀው። አትንቀፈው። ጨዋታውን ተከተል። ታዲያ ምን ቀረኝ? አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከእኔ ጋር መሬት ተቀምጦ ተጫውቶ አያውቅም፤ ከእሱ የለመድሁት ወይ ትእዛዝ ነው ወይ ቁጣ።

አመስግነው ስትለኝ "ጎበዝ" አልሁ። ደግሜ "ጎበዝ"። ምን ማለት ነው ብላ ጠየቀችኝ፣ ነገርኋት። "ለምኑ?" አለችኝ። ደስ ያለህን ነገር ለይተህ ንገረው ማለቷ ነው። "መኪናዋን ሳትወረውር ስለሰጠኸኝ ደስ አለኝ" ለማለት ምላሴ ተሳሰረ። እኛ ዘንድ ልጅ ፊት ለፊት ከተመሰገነ ይበላሻል ነዋ።

ቤት ውስጥ በየቀኑ አምስት ደቂቃ እንዲህ መጫወት ነው። ትንንሽ ጥፋቱን እንዳላየህ ታልፋለህ። ትእዛዝ በኋላ ይመጣል፤ አጭርና ግልጽ፣ ከተናገርህ ወዲያ የማታጥፈው። ወራት ፈጀብን፣ ተስፋ የቆረጥሁበት ሳምንትም ነበር። መጀመሪያ የተወው መንከሱን ነው። ጩኸቱ ዘገየ።

በ2014 ክረምት የአባይን በረሃ አቋርጠን ቢቸና ወሰድሁት። እናቴ አንድ ሳምንት ሙሉ ዝም ብላ አየችኝ። አንድ ቀን ቡና ላይ ሲኒ አንስቶ ሲያገላብጥ ሁላችንም ትንፋሻችንን ዋጥን። መልሶ ረከቦቱ ላይ አስቀመጠው።

"ሲኒዬን ቀስ አድርገህ ስላስቀመጥህልኝ፣ ጎሽ የኔ ጌታ" አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ "አንተን እንዲህ ብዬህ አውቃለሁ?"

"አታውቂም እናቴ" አልኋት።

ዝም ብላ ቶናውን ቀዳችልኝ።