ዘይቱ ማኪያቶ ሲመስል፦ የ3 ወር የኮምፕረሰር ደብተሬ

አራት ኪሎ አካባቢ በአንድ ማተሚያ ቤት የጥገና ሠራተኛ ነኝ። ለማሽኖቹ አየር የሚሰጠው አንድ ስክሩ ኮምፕረሰር ነው፤ በዘይት ታግዞ፣ በጥንድ ጠመዝማዛ ብረት አየር የሚያምቅ ማሽን። እሱ ከቆመ ሁላችንም ሻይ ቤት ነን።

እስከ ሰኔ ድረስ ዘይቱን የማየው የመቀየሪያው ሰዓት ሲደርስ ብቻ ነበር። ከዚያ አንድ ደብተር ገዛሁና በየቀኑ ሦስት ነገር መጻፍ ጀመርኩ፤ የዘይቱን ልክ፣ መልኩን፣ ሙቀቱን።

የመጀመሪያው ሳምንት ጉድ ነው። ማሽኑ እየሠራ የዘይቱን ልክ የሚያሳየውን መስታወት አየሁና ቀንሷል ብዬ ጨመርኩ። ለካ ማሽኑ ሲዞር ከዘይቱ ከፊሉ መንገድ ላይ ነው! የእኛው ማሽን ልኩ የሚታየው ጠፍቶ፣ ግፊቱ ወጥቶ፣ ዘይቱ እስኪወርድ ጥቂት ደቂቃ ከተጠበቀ በኋላ ነው። ትርፉ ከአየሩ ጋር ወጣ። በማግስቱ የኅትመት ክፍል ልጆች የዘይት ጠብታ ያረፈበት ወረቀት ይዘው መጡ። ያን ቀን አንገቴን ደፍቼ ዋልኩ።

ሐምሌ ላይ ደግሞ ዘይቱ ነጥቶ አገኘሁት። አንጋፋውን ቴክኒሻናችንን ጠራሁ።

«ጋሼ፣ ይሄን ይዩልኝ።»

«ኧረ ይሄማ ማኪያቶ ነው! ስኳር አምጣ!»

ከዚያ ደብተሩን ተቀብለውኝ በሙቀቱ ዓምድ ላይ በጣታቸው ወረዱ። 62፣ 64፣ 61። እኔ ቀዝቀዝ ማለቱን እንደ ጤና ቆጥሬው፣ ጎኑ ላይ «ጥሩ» ብዬ ጽፌበታለሁ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ኮምፕረሰሩ የሚስበው አየር እርጥበት አለው፤ በክረምት ይብስበታል። ዘይቱ በደንብ ከሞቀ ውሃው ተንኖ ከአየሩ ጋር ይወጣል። የእኛው ማሽን ከ80 ዲግሪ በላይ መሥራት አለበት። ካልሞቀ ውሃው ዘይቱ ውስጥ ይቀራል፤ እንዲህ ያለ ዘይት ደግሞ ቤሪንጉን፣ ማለትም ዘንጉ የሚዞርበትን ኩሽኔታ፣ ያስበላል። ጥፋቱ የቴርሞስታት ቫልቩ ነበር፤ ዘይቱ እስኪሞቅ ወደ ማቀዝቀዣው እንዳይሄድ የሚያግደው። ክፍት እንደሆነ ነክሶ ቀርቷል፤ ዘይቱ ሳይሞቅ ወደ ማቀዝቀዣው ይሄዳል። የመብራቱ መቆራረጥም ማሽኑ ሳይሞቅ እያቆመው አግዞታል። ቫልቩን፣ ዘይቱንና ፊልተሩን ቀየርን።

አሁን ጠዋት ማሽኑ ሳይነሳ፣ ግፊቱ ዜሮ መሆኑን አይቼ የዘይቱን ታንክ ማፍሰሻ በቀስታ እከፍታለሁ። ውሃው ከዘይቱ ስለሚከብድ ሌሊቱን ታች ይተኛል፤ ቀድሞ የሚወጣውም እሱ ነው። ዘይት ብቅ ሲል እዘጋለሁ። ሐምሌ ላይ ግማሽ የሻይ ብርጭቆ ይወጣ ነበር፤ ዛሬ ጥቂት ጠብታ ብቻ።

ጋሼ ሌላም አሳይተውኛል። አንድ ጠብታ ዘይት የጋለ ብረት ላይ ጣል ይደረጋል። ውሃ ካለበት እንደ ፈንዲሻ ይንጣጣል። ዛሬ ሞከርኩት፤ ዝም አለ። ሙቀት 83። ጎኑ ላይ ግን ምንም አልጻፍኩም።